"ነባር" የምትለው ቃል፦ በጉዳት ካሣ የሕክምና ማስረጃ አጻጻፍ ላይ የቀረበ ሂስ

በጤና ተቋማት በየዕለቱ ከሚጻፉት ጽሑፎች መካከል ለጉዳት ካሣ የሚሰጠውን የሕክምና ማስረጃ ያህል አጭር ሆኖ ረጅም መንገድ የሚጓዝ የለም። ሐኪሙ ተራ በሚጠብቁ ሕሙማን መካከል በጥቂት ደቂቃ ይጽፈዋል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ ከዚያም በፖሊስ ጣቢያ፣ በመድን ድርጅት፣ በአሠሪ መሥሪያ ቤትና በፍርድ ቤት እየተዘዋወረ ለዓመታት ይነበባል። የጻፈው ሐኪም ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውሮ፣ የታካሚውንም መልክ ዘንግቶ ሳለ ወረቀቱ በእርሱ ስም መናገሩን ይቀጥላል። ይህን ያህል ክብደት ያለው ጽሑፍ በሙያው ውስጥ ተቺ የሌለው መሆኑ ያስገርማል። የቀዶ ሕክምና ውሳኔ በጠዋት ስብሰባ ይመረመራል፤ የራጅ ንባብ ጥያቄ ይነሣበታል፤ ማስረጃው ግን ማኅተም ካረፈበት በኋላ መልሶ የሚያነበው ሐኪም እምብዛም አይገኝም።

የዚህ ሂስ ትኩረት በማስረጃው ውስጥ በምትገኝ በአንዲት ቃል ላይ ነው። ቃሏ "ነባር" የምትለው ናት። አንዳንዴ "የቆየ ለውጥ"፣ አንዳንዴም "ከዕድሜ ጋር የመጣ" ተብላ ትጻፋለች። ሐኪሙ በራጅ ያየውን ለመግለጽ ይጽፋታል፤ የተከሳሽ ጠበቃ ግን "ጉዳቱ በአደጋው የመጣ አይደለም" ብሎ ያነባታል። በእነዚህ ሁለት ንባቦች መካከል የተጎጂው ቀሪ ኑሮ ይወሰናል።

ከእንጦጦ የሚወርደው ሸክም

ነገሩን በግልጽ ለማየት ከአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከየካ ክፍለ ከተማና በላዩ ከተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ የተሻለ ሥፍራ አይገኝም። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ 3,000 ሜትር ከፍታ የሚያልፈውን ተራራ ካለበሰ ወዲህ፣ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የከተማይቱ ምድጃ የነደደው በአብዛኛው በሴቶች ጀርባ በወረደ ጭራሮና ቅጠል ነው። ፍቅርተ ኃይሌ የተባሉት ተመራማሪ ስለ እነዚህ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ያካሄዱት፣ የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተመው ጥናት የአንዲት ሴት ሸክም በአማካይ 36 ኪሎ ግራም ገደማ እንደሚመዝን አሳይቷል። ከሴቶቹ መካከል የራሳቸውን ክብደት የሚያህል ሸክም የሚሸከሙም ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የተራራውን ገጽታ ለውጦታል፤ በዚያ ሸክም የጎበጡት ጀርባዎች ግን ዛሬም ወደ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ይመጣሉ።

ለምሳሌ ያህል የሃምሳ ሁለት ዓመት ዕድሜ ያላቸው አንዲት እናት ይታሰቡ። እኚህ እናት ለሠላሳ ዓመታት ከተራራው እንጨት ተሸክመው በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ሲወርዱ ኖረዋል። አንድ ቀን ማለዳ በመንገድ ዳር ሳሉ ሚኒባስ ይገጫቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት፣ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ፣ አንድ ባልዲ ውኃ ማንሣት ይሳናቸዋል፤ የግራ እግራቸውም ይደነዝዛል። በራጁ ላይ የወገብ ዲስኮች ሥፍራ ጠብቦ፣ በአከርካሪ አጥንቶቹ ጠርዝ ላይ ትርፍ አጥንት በቅሎ ይታያል። ማስረጃው እንዲህ ይላል፦ "የወገብ አከርካሪ ነባር ለውጥ አለ፤ አዲስ ስብራት አልታየም።"

ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች ትክክል ናቸው። ጉድለቱ ባልተጻፈው ላይ ነው። ያ ለውጥ የነበረበት ወገብ ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን 36 ኪሎ ግራም ተሸክሞ ከእንጦጦ ወርዷል፤ በአደጋው ማግሥት ግን ባልዲ ማንሣት አልቻለም። የሁለቱ ቀናት ልዩነት ጉዳቱ ነው። ሐኪሙ "ከዚህ በፊት ወገብዎን ታመው ያውቃሉ?" ብሎ ጠይቆ "አልፎ አልፎ ያመኝ ነበር" የሚል መልስ አግኝቶ ይሆናል፤ መልሱንም "የቆየ የወገብ ሕመም" ብሎ መዝግቧል። "ካለፈው ሳምንት በፊት በቀን ስንት ጊዜ ይመላለሱ ነበር? ምን ያህልስ ይሸከሙ ነበር?" ብሎ ግን አልጠየቀም። ለወገቡ ብርታት ከራጁ ይልቅ የሚታመን ምስክር ሸክሙ ነበር፤ ማስረጃው ግን ያንን ምስክር ሳይሰማ ተዘጋ።

የአንዲት ቃል ዋጋ

ሐኪሞች ቃላቸው በገንዘብ ሲተመን ማየት ስለማይገጥማቸው አንድ ቀላል ስሌት መመልከት ይጠቅማል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመድን ሽፋን ያልገባ አሠሪ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ለደረሰበት ሠራተኛ የዓመት ደመወዙን በአምስት አባዝቶ ይከፍላል፤ ጉዳቱ ዘላቂ ከፊል ከሆነ ክፍያው በጉዳቱ መጠን ይሰላል። በኮተቤ በአንድ የግንባታ ሥራ ላይ የተሰማራ፣ በወር 4,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ቢጎዳና የጉዳቱ መጠን 30 በመቶ ነው ቢባል ካሣው 72,000 ብር ይሆናል። የሕክምና ቦርዱ "ግማሹ ነባር ነው" ብሎ 15 በመቶ ቢጽፍ ካሣው ወደ 36,000 ብር ይወርዳል። አንዲት ቃል የዘጠኝ ወር ደመወዝ ወሰደች ማለት ነው። ቦርዱ ለዚያ "ግማሽ" ምን መለኪያ እንደተጠቀመ ግን ብዙውን ጊዜ በወረቀቱ ላይ አይገኝም። መጠኑ ሲጻፍ ስሌት ይመስላል፤ ምንጩ ሲፈተሽ ግን ግምት ሆኖ ይገኛል።

እንጨት ተሸካሚዋ እናት ደግሞ ይህ አዋጅ እንኳ የላቸውም። ደመወዝ የላቸውም፤ አሠሪም የላቸውም። ጥያቄያቸው የሚዳኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ የሚኒባሱ መድንም በአዋጅ ከተደነገገው የሦስተኛ ወገን አስገዳጅ መድን ጋር ይያያዛል። ገቢያቸውን የሚያሳይ ወረቀት በሌለበት ዳኛው በእጁ የሚያገኘው ዋነኛ ጽሑፍ የሐኪሙ ማስረጃ ነው። ድሃው ተጎጂ ከሌላው ይልቅ በሐኪሙ አጻጻፍ ላይ የሚደገፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉ የሚጠይቀውና ሐኪሙ የሚመልሰው

ብዙ የጤና ባለሙያዎች ሕጉ ካሣ የሚሰጠው ጤነኛ ለነበረ ሰው ብቻ ነው የሚል ግምት አላቸው። ይህ ስሕተት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2091 ካሣው አድራጎቱ በተበዳዩ ላይ ካደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። "በተበዳዩ ላይ" የሚለው ሐረግ ሊሰመርበት ይገባል። መለኪያው በዚያ መንገድ ሊያልፍ ይችል የነበረ ብርቱ ሰው ሳይሆን በእርግጥ የተገጨው ሰው ነው። በአንቀጽ 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋን ሲተረጉም ከሠራተኛው ውጭ ከሆነ ምክንያት የመጣውን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው ሥራውን ለመፈጸም ባደረገው ጥረት በድንገት የደረሰውንም ያካትታል። ሲሚንቶ ሲያነሣ ቀድሞ የደከመ ዲስኩ የወጣበት ሠራተኛ ከዚህ ትርጉም ውጭ አይደለም።

በሌላ በኩል አንቀጽ 2101 አለ። ኃላፊ የሆነው ሰው በማያውቀው ሁኔታ ምክንያት ጉዳቱ ሊጠበቅ ከሚችለው በላይ ሲሆን፣ አድራጎቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ እስካልሆነ ድረስ፣ ዳኞች ካሣውን በርትዕ እንዲወስኑ ሥልጣን ይሰጣል። የነባር ሕመም ክርክር የሚገባው በዚህ በር ነው። ድንጋጌው ሰፍቶ ቢተረጎም አሳሳቢ ነው፤ የትኛውም አሽከርካሪ የእግረኛውን አከርካሪ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልምና የታመመ ሰው ሁሉ ካሣው ሊቀነስበት ነው። ይሁን እንጂ ርትዕ በባዶ አይሠራም፤ በእውነታ ላይ ይመሠረታል። ዳኛው "ያለ አደጋው ይህ ሰው ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ይገኝ ነበር?" ብሎ ይጠይቃል። ይህ የሕክምና ጥያቄ ነው። ሐኪሙ "ነባር ለውጥ አለ" ብሎ ሲያቆም ለዚህ ጥያቄ መልስ አልሰጠም፤ መልሱን ለጠበቃ ብልሃት ትቶታል።

ራጁ የሚያየውና የማያየው

በዚህ ጉዳይ የሕክምናው ሳይንስ ከማስረጃው ልማድ ቀድሞ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና 3,110 ምንም የጀርባ ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስል ያጠቃለለ የጥናቶች ግምገማ እንዳመለከተው የዲስክ መድከም ምልክት በ20 ዓመት ዕድሜ በ37 በመቶው፣ በ50 ዓመት በ80 በመቶው፣ በ80 ዓመት ደግሞ በ96 በመቶው ላይ ይታያል። በሌላ አነጋገር አምስት ጤነኛ የሃምሳ ዓመት ሰዎች ቢመረመሩ አራቱ "ነባር ለውጥ" ይገኝባቸዋል። በአብዛኛው ሕዝብ ላይ የሚገኝ ምልክት የአንድን ሰው ድንገተኛ አቅም ማጣት ብቻውን ሊያብራራ አይችልም። የሃምሳ ዓመት ሰው የፀጉሩ መሸበት በማስረጃ ላይ እንደማይጻፍ ሁሉ፣ ሕመምም ሆነ ገደብ ያላስከተለ የአከርካሪ መሸበት ያለ ማብራሪያ ሊጻፍ አይገባም።

"ነባር" የምትለው ቃል ትልቁ ጥፋቷ የተለያዩ ሁኔታዎችን በአንድ ጆንያ መክተቷ ነው። ቢያንስ ሦስቱ መለየት አለባቸው።

የመጀመሪያው ድምፅ የሌለው ተጋላጭነት ነው። የሳሳ አጥንት ያላቸው አረጋዊት በታክሲ በር ተገፍተው ቢወድቁ የዳሌ አጥንታቸው ይሰበራል፤ ወጣት ቢሆን ቧጭሮት ብቻ ይነሣ ነበር። አረጋዊቷ ግን እስከዚያ ሰዓት ድረስ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ገበያ ሂያጅ ነበሩ። የአጥንቱ መሳሳት ስብራቱ ለምን እንደተከሰተ ያስረዳል፤ አደጋው ባይደርስ አልጋ ላይ ይውሉ ነበር ማለት ግን አይደለም።

ሁለተኛው በራሱ መንገድ እየገሰገሰ ያለ በሽታ ነው። የአከርካሪ ቲቢ ይዞት ሕክምና ያልጀመረ፣ እግሮቹ መድከም የጀመሩ ሰው በመኪና ግጭት ሰበብ ሽባ ቢሆን፣ አደጋው የማይቀረውን አቀረበው ወይስ ሊታከም የሚችለውን አበላሸው የሚለው ጥያቄ ይነሣል። የአከርካሪ ቲቢ በመድኃኒት የሚድን በሽታ በመሆኑ መልሱ ቀላል አይሆንም፤ ሐኪሙ በሽታው የደረሰበትን ደረጃና ሕክምና ቢያገኝ የሚጠበቀውን ውጤት መግለጽ አለበት።

ሦስተኛው ቀድሞ የተረጋገጠ የአካል ጉዳት ነው። በዚህ ጊዜ መቀነስ ተገቢ ይመስላል፤ ሆኖም ስሌቱ ያታልላል። በልጅነቱ አንድ ዓይኑ የጠፋ ሠራተኛ ሁለተኛውን በሥራ ላይ ቢያጣ፣ "የጠፋው አንድ ዓይን ነው" ተብሎ የአንድ ዓይን መጠን ሊጻፍለት ይችላል። የአንድ ዓይን መጥፋት በሠንጠረዥ አነስተኛ መጠን የሚሰጠው ሌላው ዓይን ያያል ከሚል ግምት ተነሥቶ ነው። ይህ ሰው ግን ታውሯል። ሠንጠረዡ ላልገመተው ሁኔታ ሠንጠረዡን እንዳለ መገልበጥ ሒሳብን ማክበር ቢመስልም ሰውየውን መርሳት ነው።

ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1950 አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ከንፈሩ ላይ የቀለጠ ብረት ፈንጥቆ ያቃጥለዋል። ቃጠሎው ትንሽ ነበር፤ ሆኖም በከንፈሩ ላይ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ሥጋ ስለነበረ ካንሰር ሆነና ከሦስት ዓመት በኋላ ሞተ። ፍርድ ቤቱ አሠሪው ሠራተኛውን እንዳለ ይቀበለዋል በሚል መርሕ ኃላፊነቱን አጸና። ይህ መርሕ በሕግ ሰዎች ዘንድ "የቀጭን ራስ ቅል" መርሕ ይባላል፤ ራስ ቅሉ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ ሰው የመታው ሰው "ሳሳ ብሎ ጠበቀኝ" ብሎ አያመልጥም ማለት ነው።

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 የወሰነው ጉዳይ ደግሞ ከወገብ ሕመም ጋር የተያያዘ በመሆኑ ለሐኪሞች ይበልጥ ቅርብ ነው። ከሳሹ የቆየ የጀርባ ችግር ነበረበት፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት የመኪና አደጋ ደረሰበት፤ ከዚያ በኋላ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዲስኩ ወጣ። የሥር ፍርድ ቤት አደጋዎቹ ያበረከቱት 25 በመቶ ነው ብሎ የካሣውን ሩብ ብቻ ፈቀደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ሽሮ ሙሉ ካሣ ሰጠ፤ አደጋዎቹ ለጉዳቱ አስፈላጊ ምክንያት ሆነው ከተገኙ ነባር ድካም መኖሩ ብቻውን ካሣውን አይከፋፍልም አለ። በዚያው ፍርድ ግን "እየፈረሰ ያለ ራስ ቅል" የሚለው ልዩነትም ተነሥቷል፤ ያለ አደጋውም መምጣቱ አይቀርም የነበረን ጉዳት ተከሳሹ እንዲከፍል አይገደድም። ሁለቱን የሚለየው የሐኪሙ ምስክርነት ነው።

ስለ ነባር በሽታ ሲነሣ ጣፊያም ልትረሳ አትችልም። በቅኝ ግዛት ዘመን በህንድ አገር፣ በአግራ ከተማ ፉለር የተባለ እንግሊዛዊ ጠበቃ አገልጋዩን መትቶ አገልጋዩ ጣፊያው ፈንድቶ ሞተ። ሐኪም ጣፊያው አስቀድሞ ያበጠ ነበር ሲል መሰከረ፤ ቅጣቱም 30 ሩፒ ብቻ ሆነ። የህንዱ እንደራሴ ሎርድ ሊተን እ.ኤ.አ. በ1876 ውሳኔውን በይፋ መንቀፋቸው ታላቅ ክርክር አስነሥቷል። በዚያ ዘመን የብዙ ድሆች ጣፊያ በወባ ያበጠ ስለነበር "ያበጠ ጣፊያ" የሚለው የሕክምና ግኝት የበትርን ዋጋ የማርከሻ ዘዴ ሆኖ ያገለግል ነበር። ሐኪሙ የጻፈው እውነት ነበር፤ የዋለበት ጥቅም ግን ፍትሕ አልነበረም።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ሐኪም ሩቅ አይደለም። ከመተማና ከሑመራ የእርሻ ሥራ የሚመለስ የቀን ሠራተኛ በካላዛር ወይም በወባ ያበጠ ጣፊያ ይዞ አዲስ አበባ ሊገባ ይችላል። በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘውና ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ የአስከሬን ምርመራ ማዕከል ሆኖ ያገለገለው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ስም እንዲህ ካለው ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ነው። የጣፊያው ክብደት መመዝገብ አለበት፤ ከእርሱ ጋርም የምቱ ኃይል ምን ያህል እንደነበር፣ የጎድን አጥንትና የቆዳ ምልክት መኖር አለመኖሩ፣ ጣፊያው ያለ ምት በራሱ የመፈንዳት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ሊጻፍ ይገባል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 24 የምክንያትና የውጤት ግንኙነት የሚቋረጠው ሌላው ምክንያት ውጤቱን ለማስከተል በራሱ በቂ ሲሆን ነው ይላል። ያበጠ ጣፊያ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ በቂ ምክንያት አይደለም። ዳኛ ይህን ሊያውቅ የሚችለው ሐኪም ሲነግረው ነው።

ተቃራኒው ስሕተት

ከላይ የተባለው ሁሉ ሐኪሙ የታካሚው ጠበቃ ይሁን ማለት አይደለም። የሚያዝን ሐኪምም ማስረጃን ያበላሻል። ታካሚው ድሃ ነው በሚል ቀድሞ የነበረውን የመራመድ ችግር ሳይጽፍ የሚያልፍ፣ ሁሉንም ሕመም ለአደጋው የሚሰጥ ሐኪም ሁለት ጥፋት ይሠራል። መክፈል የማይገባውን ያስከፍላል፤ በተጨማሪም የቀድሞው ካርድ ከሌላ ጤና ተቋም ሲመጣ እውነተኛው የማስረጃው ክፍል ሳይቀር እምነት ያጣል። የሚኒባሱ ባለቤት ከአንዲት መኪና በቀር ሀብት የሌለው ሰው ሊሆን እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም።

ታካሚዎችም ካሣ እንዳይቀርባቸው ፈርተው የቆየ ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ይህ ፍርሃት ያለ ምክንያት አልመጣም፤ "ታምሜ አውቃለሁ" ያለ ሰው ጥያቄው ሲወድቅ ስላዩ ነው። ነባር ሕመም ካሣን የማያስቀር መሆኑ በማስረጃው አጻጻፍ ሲረጋገጥ እውነቱን የሚናገሩ ይበዛሉ።

ከአደጋው በኋላ የመጣም ከነባሩ ጋር ሊደባለቅ አይገባም። የተሰበረ እጅ ወጌሻ ዘንድ አጥብቆ ታስሮ ቢሞት፣ ይህ ከአደጋው በኋላ የገባ ሌላ ምክንያት እንጂ ነባር ሁኔታ አይደለም፤ ቀኑና ቅደም ተከተሉ ተለይቶ መጻፍ አለበት። እንዲሁም በጊዜያዊ መቀስቀስና በዘላቂ መባባስ መካከል ያለው ልዩነት ሊታወቅ ይገባል። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር የዘላቂ ጉዳት መመዘኛ መምሪያ ይህን ልዩነት ያደርጋል። ለስድስት ሳምንት የተነሣ የቆየ የጉልበት ሕመም ወደ ቀድሞው ሁኔታ ከተመለሰ ዘላቂ ጉዳት የለም፤ ካልተመለሰ ግን ልዩነቱ የአደጋው ነው።

መጻፍ የሌለበት

በእንጦጦ ማርያምና በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ዙሪያ ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የመጡ ሕሙማን ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ከእነርሱ መካከል ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ በመንገድ ሲሻገር እግሩ ቢሰበር ማስረጃው ምን ይጻፍ? ማስረጃው በብዙ እጅ ያልፋል፤ የመድን ድርጅት ሠራተኛ፣ ፖሊስ፣ ጸሐፊ፣ ተከሳሹም ጭምር ያነበዋል። ከስብራቱ መከሰትም ሆነ ከመዳኑ ጋር ግንኙነት የሌለው በሽታ በዚያ ወረቀት ላይ ቦታ የለውም። ኤች.አይ.ቪ. የአጥንቱን መጠገን አዘግይቶ ከሆነ የሚመለከተው ይጻፋል፤ ካልሆነ መጻፉ ምሥጢር ማባከን ነው። የሚጥል በሽታም እንደዚሁ ነው። ሰውየው መንገድ ላይ የወደቀው በበሽታው ተነሥቶበት ከሆነ አስፈላጊ ነው፤ ቆሞ ሳለ መኪና መትቶት ከሆነ ግን "የሚጥል በሽታ አለበት" የሚለው ዐረፍተ ነገር ሳይጠየቅ ለተከሳሽ የተሰጠ መከላከያ ይሆናል።

ማስረጃው እንዴት ይጻፍ?

ሂስ መፍትሔ ካልጠቆመ ወቀሳ ሆኖ ይቀራል። ነባር ሁኔታ በሚገኝበት ጊዜ ማስረጃው ለአራት ጥያቄዎች መልስ ቢሰጥ ከላይ የተነሡት ጉድለቶች አብዛኛዎቹ ይቃለላሉ።

1ኛ. ከአደጋው በፊት ታካሚው ምን ይሠራ ነበር? ይህ በሥራ፣ በሸክም፣ በርቀትና በሰዓት ይጻፍ። የቀድሞ ካርድ ካለ ይጠቀስ፤ ከሌለም "የቀድሞ ማስረጃ አልቀረበም፤ ታካሚው እንደተናገሩት" ተብሎ ይመዝገብ።

2ኛ. ዛሬ ምን መሥራት አልቻለም? የምርመራው ግኝት፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ የስሜት ሁኔታና የእንቅስቃሴ ገደብ በቁጥር ይቀመጥ።

3ኛ. በምስል የታየው ለውጥ በዚያ ዕድሜ የተለመደ ነው ወይስ ከተለመደው የወጣ? ከአደጋው በፊት ምልክት ነበረው ወይስ አልነበረውም?

4ኛ. አደጋው ባይደርስ ኖሮ ይህ አቅም ማጣት በቅርብ ጊዜ ይመጣ ነበርን? መልሱ "ሊታወቅ አይችልም" ከሆነ ይኸው በግልጽ ይጻፍ። ሐኪሙ የማያውቀውን በመቶኛ ከሚሸፍን ይልቅ አለማወቁን ቢያስቀምጥ ለፍርድ የበለጠ ይጠቅማል።

በእነዚህ መሠረት የእኚያ እናት ማስረጃ እንደገና ቢጻፍ እንዲህ ይሆን ነበር፦ "ታካሚዋ እስከ አደጋው ዋዜማ ድረስ በየቀኑ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ይወርዱ እንደነበር ተናግረዋል፤ አልፎ አልፎ የወገብ ሕመም ቢሰማቸውም ሥራ አቋርጠው አያውቁም። አሁን ከአምስት ኪሎ ግራም በላይ ማንሣት አይችሉም፤ የግራ እግራቸው ስሜትና ጥንካሬ ቀንሷል። በራጅ የታየው የወገብ አከርካሪ ለውጥ በዕድሜያቸው የተለመደ ነው፤ ከአደጋው በፊት ሥራቸውን አልገደበም። አሁን ያለው የአቅም ማጣት ከአደጋው ቀጥሎ የመጣ ሲሆን አደጋው ባይደርስ በቅርብ ጊዜ ይከሰት ነበር የሚያሰኝ የሕክምና ምክንያት አልተገኘም።" ይህ አምስት መስመር ብቻ ነው። "ነባር" የምትለዋ ቃል አልገባችበትም፤ ነባሩ ሁኔታ ግን አንዳችም አልተደበቀም።

አምስቱን መስመር ለመጻፍ ምናልባት አሥር ደቂቃ ተጨማሪ ይፈልጋል። በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል አሥር ደቂቃ ቀላል አይደለም፤ የሥራው ጫናም ሐኪሙ የፈጠረው አይደለም። ሆኖም ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ካሣ መጠየቂያው ጊዜ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለት ዓመት ነው። በሁለት መስመር የተጻፈ ማስረጃ ታካሚዋን ለማብራሪያ ሦስት ጊዜ ወደ ሆስፒታል ሲያመላልስ፣ በየጊዜው ካርድ ሲያስወጣ፣ በመጨረሻም ያንን ጊዜ ሊያሳልፍባቸው ይችላል። አሥሩ ደቂቃ የሚቆጠበው ከእርሳቸው ወራት ላይ ነው።

በወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል ይላሉ አበው። በእንጦጦ ሥር ለኖረ ሰው ይህ አባባል ከምሳሌነት ያለፈ ትርጉም አለው። ቀድሞ የደከመ ሰው በአደጋ ሲወድቅ የመድን ድርጅቱም፣ ጠበቃውም፣ ሠንጠረዡም በየበኩላቸው ከካሣው ለመቀነስ ምክንያት ይፈልጋሉ። ሐኪሙ ዛፉ ከመውደቁ በፊት ቆሞ እንደነበረ፣ ምን ያህል ቁመት እንደነበረው፣ ምንስ እንደጣለው በትክክል ከጻፈ ሙያው የሚጠይቀውን ፈጽሟል።